በነጭ ክር የተሰፋ ኪስ

እኔ ተጠራጣሪ ሴት ነኝ። ልብስ መስፋት ተጠራጣሪ አድርጎኝ ይሁን ወይስ ተጠራጣሪ ስለሆንኩ ልብስ ሰፊ ሆኜ፣ አላውቅም። ደንበኛ መጥታ «ወገቤ ሰማንያ ነው» ስትለኝ አንገቴን ነቅንቄ እሺ እላለሁ፤ ከዚያ ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ እለካታለሁ። ሰማንያ ሆኖ አያውቅም።

የማገባውን ሰው ግን ሳልለካ ነው ያመንኩት።

ኬክ ሠሪ ነው። የሚሠራበት ኬክ ቤት ከሱቄ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን ነጭ ሽርጡን እንደታጠቀ መንገዱን ያቋርጥና አንድ ቁራጭ ኬክ በሳህን፣ ሁለት ማንኪያ በደረት ኪሱ ይዞ ከች ይላል። የምቆርጠውን ጨርቅ ገፋ አድርገን የጠረጴዛው ጥግ ላይ እንበላለን። ቅንድቡ ላይ ዱቄት ጠፍቶ አያውቅም፤ እኔም ስለምወደው ጠርጌለት አላውቅም። «ዱቄቴ» እለዋለሁ። እሱ ደግሞ «መርፌዬ» ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል።

አክስቴ ኬክ ሠሪ አማች አልፈለገችም ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናትም አባትም የሆነችኝ የአባቴ እህት ናት፤ ቀኑን ሙሉ ሱቄ ውስጥ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች፣ መንገዱንም ትጠብቃለች። «ለኢንጂነር ያሰብኳት ልጅ በክሬም ተታለለች» እያለች ለደንበኞቼ ስታወራ ሰምቻታለሁ። ቢሆንም ሽማግሌ ሲላክ እሺ ያለችው እሷው ናት።

ገና በተዋወቅን ሰሞን አንድ ነገር ነግሬው ነበር። አባቴን የገደለው ስኳር ነው። ሰባት ዓመት አስታመምኩት፤ መጀመሪያ የእግሩ ጣት ሄደ፣ ከዚያ እግሩ፣ ከዚያ የዐይኑ ብርሃን፣ መጨረሻ ላይ ኩላሊቱ። ጠዋትና ማታ ቁስሉን የማጥበው እኔ ነበርኩ። «ድህነት ይምጣ፣ ምን ይምጣ» አልኩት፤ «ስኳር ያለበት ቤት ግን ሁለተኛ አልገባም።» ያን ዕለት ማንኪያውን አስቀምጦ እጄን ያዘኝ። «አትገቢም» አለኝ። በቃ፣ በዚያች ቃል አገባዋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ከአራት ወር በፊት በአንድ ማንኪያ መጣ።

«ያንተስ?» አልኩት።

«እዚያው ስቀማምስ ጠገብኩ።»

ኬክ ሠሪ ጠገብኩ ሲል ሰምቼ ስለማላውቅ ገረመኝ፤ ግን በላሁ። በማግሥቱም አንድ ማንኪያ። በሳምንቱም አንድ ማንኪያ። እሱ ውሃውን እየጠጣ እኔ ስበላ ያየኛል፤ አስተያየቱ ደግሞ የፍቅር ይሁን የጥፋተኛ መለየት አቃተኝ።

ቀጥሎ ወገቡ መጣ። የሙሽራ ሱፉን የምሰፋለት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ልክ ዘጠና ስምንት ነበር፤ በሁለተኛው ዘጠና አራት፣ በሦስተኛው ዘጠና አንድ። ሜትሬን ጠረጠርኩና በእንጨት ማስመሪያ አመሳከርኩት። ሜትሬ ምንም አልሆነም።

«ከሳህ።»

«ለሠርጉ ብዬ ነው» አለ።

«ለየትኛው?» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀም።

አክስቴ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደች። እሱ እስኪወጣ ጠብቃ፣ «የኔ ልጅ፣ ኬክ የማይበላ ኬክ ሠሪ፣ ወገቡ የሚሟሟ ሙሽራ... እኔ እንግዲህ ምንም አላልኩም» አለች። ምንም አላልኩም ስትል ሁሉንም ብላለች ማለት ነው።

አንድ ቀን ደግሞ እጁን ይዤ ስቀመጥ ጣቶቹ ጎን ላይ ጥቃቅን ቀይ ነጥቦች አየሁ። የምድጃ ቃጠሎ አይደለም፤ የምድጃ ቃጠሎዎቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። መርፌ የወጋው ነው። ይህን ማንም አያስተምረኝም፤ የእኔም ጣቶች እንደዚያው ናቸው። ኬክ ሠሪን ከመርፌ ጋር ምን አገናኘው? ጠየቅሁት። እጁን ወደ ኪሱ ከተተና «የሳጥን ሚስማር ነው» አለኝ። ዐይኔን እያየ ዋሸኝ።

ከዚያ ደብተሩ። እጁን ሊታጠብ ገባ ሲል ትንሽ ደብተር ከሽርጡ ወድቃ ጠረጴዛዬ ሥር ተገኘች። አነሳኋት፤ ተከፍታ ነበርና አየሁ። ስም የለ፣ ቃል የለ። ቀንና ሦስት ሦስት ቁጥር ብቻ። የሰኞው እንዲህ ይላል፦ 118፣ 96፣ 142።

ለሌላ ሰው ቁጥር ነው። ለእኔ ግን ሴት ናት። ደረት መቶ አሥራ ስምንት፣ ወገብ ዘጠና ስድስት፣ ርዝመት መቶ አርባ ሁለት። የቀሚስ ልክ ስንጽፍ በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የምንጽፈው፤ ደረት፣ ወገብ፣ ርዝመት። መርፌ፣ ልክ፣ ሜትር። ሌላ ሰፊ አለች! እውነቱን ልናገርና፣ ሌላ ሴት ከመኖሯ ይልቅ ሌላ ሰፊ መሆኗ አንገበገበኝ። ጣቱን ይዛ ስፌት እያስተማረችው፣ ለራሷ ቀሚስ እያስለካችው ታየኝ። ደብተሯን በነበረችበት መልሼ ጣልኳት፤ ነገሩን ሆድ ይፍጀው አልኩ።

በሳምንቱ እንደገና ሰርቄ አየሁ። 112፣ 94፣ 138። ሴትየዋ እየከሳች ነው! ቀሚሷም እያጠረ ነው!

ምሳ ከበላ በኋላ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይጠፋል፤ ይህን ያጋለጠችው አክስቴ ናት። አንድ ሐሙስ ተከተልኩት። ኮሌታውን ቀና አድርጎ እየተጣደፈ በመድኃኒት ቤቱ ታጠፈ፣ በፖስታ ቤቱ ዞረ፣ የትምህርት ቤቱን አጥር ጨረሰ። በየመዝጊያው ያንኳኳል ብዬ ጠበቅሁ፤ የትኛውም በር ጋ አልቆመም። አንድ ጫማ መሸጫ መስታወት ፊት ብቻ ትንሽ ቆም ብሎ አፉ ሰፊ የሆነ፣ የጡረተኛ የመሰለ ጫማ በፍቅር ዐይን አየ። ከዚያ ዞሮ ዞሮ እዚያው የተነሣበት ኬክ ቤት ገባ። አይቶኝ አታልሎኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሱቄ ስመለስ ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር፤ አራት መንገድ ያንን አንጠልጥዬ ስሰልል ነበር።

ሠርጉ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ እኔ ገበር ልገዛ በወጣሁበት፣ ሊለካው ወስዶት የነበረውን የሙሽራ ኮት ጎኑ እንዲጠብለት ብሎ አምጥቶ ትቶት ሄደ።

«ውስጡን በደንብ እንድታየው ይንገሩልኝ ብሏል» አለችኝ አክስቴ።

ውስጡን አየሁ። ገበሩ ደህና ነው፣ ስፌቱ ደህና ነው። ይባስ ብሎ ስፌቴ ላይ እንከን ያወጣልኝ ጀመር? ደሜ ፈላ።

ከመምህሬ የወረስኩት አንድ ሥርዓት አለኝ። ለማስተካከያ የመጣ ኮት ከመነካቱ በፊት ኪሶቹ በሙሉ በነጭ ክር ይሰፋሉ። ሲተኮስ ቅርጹን አይለቅም፤ የባለቤቱም ገመና ሳይነካ ይመለስለታል። ሃያ ዓመት ስሠራ እጄ ሰው ኪስ ገብቶ አያውቅም። የውስጥ ኪሱ ላይ ስደርስ ወረቀት ኮሽ አለ። እጄ ቆመ። የሷ ደብዳቤ ነው። ሁለት ጣት ብሰድ ሁሉን አውቃለሁ። አልሰደድኩም፤ ሥርዓቱን አክብሬ ነው ብል ግን ውሸት ነው፤ ፈርቼ ነው። ኪሱን በድርብ ክር ሰፋሁት፤ መርፌውን ሳስገባ ሰው የምወጋ ያህል ነበር።

በማግሥቱ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሳህን አልያዘም። ፊቴን እንደሚያስፈራ ሐኪም ፊት አየው።

«ኮቱን አየሽው?»

«አየሁት።»

«ውስጡንም?»

«ውስጡንም። ቅዳሜ ለልክ ና» አልኩት፣ ከመቀሴ ቀና ሳልል።

ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውየው ተለወጠ። ማዶ ሆኖ ያፏጫል፣ በመስኮት እጁን ያውለበልባል። እኔ በቅናት ጠውልጌ እሱ ያፏጫል! እኔም የማደርገውን አወቅሁ። አቡጀዲ ገዛሁ።

ቅዳሜ ሲመጣ ተላጭቶ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ አንድ ቁራጭ ኬክና አንድ ማንኪያ ይዞ ነበር። አክስቴ ቁልፎቿን አቅፋ ጥጓ ላይ ተቀምጣለች። በሱቁ መሀል የልብስ ማሳያው አሻንጉሊት ቆሟል፤ አቡጀዲ ቀሚስ አልብሼዋለሁ። ደረቱ ሰፊ፣ ወገቡም የዋዛ አይደለም። አሻንጉሊቱ ስለቀጠነበት በጨርቅ ቁርጥራጭ ሞልቼዋለሁ።

«ይሄ የማን ነው?» አለ ፈገግ ብሎ።

«የሷ።»

«የማን?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ደረት መቶ አሥራ ስምንት፣ ወገብ ዘጠና ስድስት፣ ርዝመት መቶ አርባ ሁለት። ከደብተርህ ላይ ነው የወሰድኩት። እንዳይጠባት አንድ ጣት ትርፍ ትቼላታለሁ። ወስደህ ስጣት፤ እኔ እንደሆንኩ ከሷ የተሻልኩ ሰፊ ነኝ!»

ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ወደ ቀሚሱ ተጠግቶ ጠርዙ ላይ በጠመኔ የጻፍኩትን ቁጥር አነበበ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲስቅ ነው።

«ዐይንህን ላፈር! ትስቃለህ?»

ዞር ሲል ግን ጉንጩ ረጥቧል። «ደብዳቤዬን አላነበብሽውም» አለ ቀስ ብሎ።

«ደብዳቤህን? ደብዳቤዋን በል እንጂ!»

«እኔ የጻፍኩልሽን። ኮቱ ውስጥ፣ የውስጥ ኪስ ውስጥ። እትዬን ውስጡን እንድታየው ይንገሩልኝ ያልኳቸው...» ወደ ኮቱ ዞረ። «ታዲያ ቅዳሜ ለልክ ና ያልሽኝ?»

«ልክህን ልነግርህ ነዋ!»

«እኔ እኮ እሺ ያልሽኝ መስሎኝ ነበር» አለ። «አንብበሽ እሺ ያልሽኝ መስሎኝ ይህን ሁሉ ቀን ስፏጭ ከረምኩ።»

ኮቱን ከማንጠልጠያው አውርጄ ነጩን ክር መፍታት ጀመርኩ። ድርብ ክር ነው፤ የራሴ ንዴት ነው የሰፋው፣ አልፈታ አለኝ። ሊረዳኝ ጠጋ አለ፤ በክርኔ ገፋሁት። ወረቀቱ ከአራት ታጥፎ ዱቄት ነክቶታል።

*መርፌዬ፣* ይላል፤ *ከአራት ወር በፊት ኬክ ላይ የምጽፈው ፊደል ይደበዝዘኝ ጀመር። ውሃ ጠጥቼ አልረካም፤ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት እነሣለሁ። ተመረመርኩ። ስኳር ነው፤ ሁለተኛው ዓይነት። ሐኪሟ ስታስረዳኝ ሰውነቴ ኢንሱሊኑን ያመነጫል፣ ግን እንደሚገባው አይታዘዘውም አለችኝ። ይድናል አላለችኝም፤ ከጠበቅኸው ይጠበቃል ነው ያለችኝ። ያን ቀን ከሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት ስለ ራሴ አልነበረም። አትገቢም ብዬሽ ነበር።*

*ኪኒኔን ከምግብ ጋር እወስዳለሁ። ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት እራመዳለሁ። ክሬሙን ጓደኛዬ ይቀምስልኛል። ጣቴን እየወጋሁ ጠዋት፣ ከምሳ በፊትና ከምሳ በኋላ ለክቼ እጽፋለሁ፤ ሁለት መቶ አርባ ነበር፣ አሁን ወርዷል። የሦስት ወሩ ምርመራም ከዘጠኝ ነጥብ አንድ ወደ ስድስት ነጥብ ስምንት መጥቷል። ልነግርሽ የፈለግሁት ቁጥሩ ካማረ በኋላ ነበር፤ ጥፋቴ እሱ ነው። ሱፉን ከጨረስሽልኝ እሺ ማለትሽ ነው። ካልጨረስሽው ደግሞ ይገባኛል፤ አልቀየምሽም።*

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛ ማንበብ አልቻልኩም፤ ፊደሉ ዋኘብኝ። ሌላ ሴት የለችም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ያቺን አቡጀዲ የለበሰች ሴትዮ ግን በዚያች ሰዓት እውነት ብትሆንልኝ ተመኘሁ።

«ወይ ጉድ!» አለች አክስቴ ከጥጓ። «ሴትየዋ ትሻል ነበር። ሴትየዋን እናባርራት ነበር።»

እሷም አባቴን ቀብራለች፤ ወንድሟን።

«አራት ወር» አልኩት። «አራት ወር ዐይኔን እያየህ! የሳጥን ሚስማር!»

«ብነግርሽ ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«አባቴን ስኳሩ ብቻ አይደለም የገደለው፤ መደበቁም ነው!» ጮኽኩ። ከዚያ በኋላ የወጣው ለማንም ተናግሬው የማላውቅ ነገር ነው። «አባቴ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከረሜላ ይደብቅ ነበር። ስሰቅልለት ወረቀቱ ኮሽ ሲል እሰማው ነበር። አውቅ ነበር። የአባት ኪስ አይነካም ብዬ ዝም አልኩ። ቁስሉን ሰባት ዓመት ሳጥብ ስኳርህ ስንት ነው ብዬ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። ቤታችን መለኪያ ገብቶ አያውቅም፤ ቁጥሩን አይቼው ቢሆን ኖሮ ያንተን ደብተር የሴት ልክ ነው እል ነበር?»

አክስቴ ቁልፎቿን ለቀቀቻቸው፤ ወለሉ ላይ ተበተኑ። «እኔም ኮሽታውን እሰማ ነበር» አለች።

እሱ ኮቱን ከእጄ ወስዶ ማንጠልጠያው ላይ መለሰው። ሊሄድ ነው። አየሁት፤ ሽርጡን እያስተካከለ ነበር፣ ሰው ሲሸነፍ እንደሚያደርገው። «ቃል ሰጥቼሽ ነበር» አለ። «አትገቢም ብያለሁ። እንድትገቢ አልለምንሽም።»

«ጫማህን አውልቅ» አልኩት።

«ምን?»

«ጫማህን። ካልሲህንም።»

በርጩማው ላይ ተቀመጠ። የሱሪ እግር ልለካ እንደምንበረከክ ተንበረከክሁ። ሃያ ዓመት በሰው እግር ሥር ተንበርክኬ ሠርቻለሁ፤ ከአባቴ በኋላ ግን ባዶ እግር መንካት አልችልም ነበር። ቀኙን አነሣሁት። ተረከዙን፣ ውስጥ እግሩን፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ገለጥ ገለጥ አድርጌ አየሁ። ቁስል የለም። ስንጥቅ የለም። ጥፍሩ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ቆዳው ለስልሶ የሕፃን እግር ይመስላል።

«ማታ ማታ በመስታወት አየዋለሁ» አለ፣ አፍሮ። «ሞቅ ባለ ውሃ ታጥቤ በደንብ አደርቀዋለሁ። ስሜቱንም ሐኪሟ አይታልኛለች፤ ደህና ነው። ዐይኔንም ታይቻለሁ። ለሠርጉ የመረጥሽልኝ ሾጣጣ ጫማ ስለሚጠበኝ ነው ሰፊ ጫማ የፈለግሁት...»

የአባቴን እግር እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ግንባሬን ጉልበቱ ላይ ደፍቼ አለቀስኩ፤ ለአባቴ ይሁን ለእሱ፣ ተደባለቀብኝ። እጁ ፀጉሬ ላይ አረፈ፤ መርፌ የወጋው ጣት።

«ዛሬ ጠዋት ስንት ነበር?» አልኩት ቀና ሳልል።

«መቶ አራት።»

«ነገም እጠይቅሃለሁ። ከነገ ወዲያም። ቢከፋም ትነግረኛለህ፤ ሁለት መቶ ቢሆንም ትነግረኛለህ። የሚያስጠላኝን ቁጥር ከደበቅኸኝ ያን ጊዜ ነው የምሄደው። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«አትገቢም ያልከኝን ቃል ያስገባሁህ እኔ ነኝ። ከቃልህ ፈታሁህ። የምገባበትን ቤት እኔው እመርጣለሁ።»

ተነሣሁና ዐይኔን በሜትሬ ጫፍ ጠረግሁ። «ተነሥ። እጅህን አንሣ።» ልኩ እንደሚወሰድ ሰው ክንዶቹን ዘረጋ። በሃያ ዓመት ሥራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ሰው ኪስ ሰደድኩ። በቀኝ ኪሱ ቁልፍና መሐረብ። በግራው የኪኒን እሽግ፣ ደብተሯ፣ የስኳር መለኪያው። የሽርጡ ደረት ኪስ ላይ ስደርስ ፊቱ ቀላ።

በናፕኪን የተጠቀለለ ማንኪያ ነበር።

«ይሄስ?»

«የኔው ነው። አራት ወር ይዤው ስዞር ነበር።»

«ሳትበላበት?»

«ሐኪሟ ፈጽሞ ክልክል ነው አላለችኝም። ትንሽ ውሰድ፣ ግን ቁጠረው ነው ያለችኝ።» ወደ ሳህኑ አየት አድርጎ ዐይኑን መለሰ። «ብቻዬን መቁጠር አስጠላኝ።»

ከኬኩ ጥግ ክሬም ያልበዛበትን፣ የአውራ ጣቴን ጥፍር የሚያህል ቆረስኩና በራሱ ማንኪያ አጎረስኩት። ዐይኑን ጨፈነ። ቅንድቡ ላይ ያለውን ዱቄት በዚያን ጊዜም አልጠረግሁለትም።

«ቁጠር» አልኩት።

«አንድ» አለ።

ጫማውን ሲያደርግ ሳህኑን ወደ አክስቴ ገፋሁና አቡጀዲ ለብሳ የቆመችውን ሴትዮ አልፌ በሩን ከፈትኩ። ግማሽ ሰዓት መራመድ አለበት። አራቱን መንገድ አውቃቸዋለሁ፤ በዚህኛው ዙር ግን ከኋላው አልነበርኩም።